ጥቁርና ነጭ ድሪቶ

ካሜራውን ሳሎን ውስጥ የሰቀለው ሚስቱን ከሱቁ ሆኖ ለመቆጣጠር ነው። ኮምፒውተር እየጠገነ በስልኩ ያያታል።

ባለፈው ፊቷ አባብጦ የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ዘውገ ዘንድ ሄዳ ነበር። ባሏ ደረጃ ላይ ወድቃ ነው አለ። ጋሽ ዘውገም፣ "በዓይናችን ባላየነው አንፈርድም፤ በይ ቤትሽ ግቢ" ብለው መለሷት። ገና በሩን ከመዝጋቷ በወንበር ደበደባት።

ከዚያ ወዲህ ድሪቶ ትሰፋለች። አንድ ሌሊት እሱ ተኝቶ ሳለ ከስልኩ አንድ ነገር ለእህቷ ልካ ነበር፤ ንድፉን ያመጣችላትም እህቷ ናት፤ ጥቁርና ነጭ ካሬ ብቻ ነው።

"ምንድን ነው ይሄ ድሪቶ?" አላት አንድ ቀን።

"ለሱቅህ ጌጥ ነው። የኮምፒውተር ነገር እንዲመስል ብዬ።"

"ምሳዬስ?" ብሎ በጥፊ አጮላት። ከከንፈሯ የሚንጠባጠበው ደም ነጩ ላይ እንዳያርፍ ጨርቁን ፈጥና ከጀርባዋ ሸሸገችው።

"ከራስሽ ይልቅ ለጨርቅ ታዝኛለሽ?" አለና በእርግጫ ደገማት።

ተሰፍቶ ሲያልቅ ግን ወደደው። ራሱ ወስዶ ሱቁ ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ ሰቀለው፤ ለገባው ሁሉ "ባለቤቴ ናት የሰፋችው" ይላል።

በማግስቱ ጋሽ ዘውገ የተጠገነላቸውን ላፕቶፕ ሊወስዱ መጡ። በስልክ መክፈል ለምደዋልና ድሪቶው የመክፈያው ኮድ መስሏቸው ስልካቸውን ደገኑበት። ስልኩ የሳሎኑ ካሜራ የቀረጸውን ቪዲዮ ከፈተ። ሳሎኑ ታየ፤ ለመምታት የተነሳው ወንበርና ወለሉ ላይ የተኮራመተችው ሴት ታዩ። የባልየው ድምፅ ሱቁን ሞላው።

"እስቲ አሁን ጥሪያቸው። ጋሽ ዘውገ መጥተው ያስጥሉሽ።"