ትልቁ ነው ትንሹ?

ለአጨዳ በፈቃደኝነት ከመጡት ተማሪዎች አንዷ የሆነችው ልጅ ማጭድ ከያዘች ገና ሦስተኛ ቀኗ ስለነበር መዳፏ ውሃ ቋጥሮ ያቃጥላት ነበር። አንድ መልእክተኛ በስንዴው መሃል መጥቶ የያዘውን ፖስታ አብረዋት ለሚያጭዱት ባለ እርሻ ሳይሆን ለእሷ ሰጣትና ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ተመለሰ። ሁለት ልጆቻቸውን ጦር ሜዳ የላኩት እኚህ እናት ነገሩ ገባቸው።

“አሁን እንዳታነቢው” አሉ ማጨዳቸውን ሳያቆሙ። “ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዝናቡ ሳይቀድመን ይቺን እንጨርስ።”

“እሺ እማማ።”

ጥቂት እንዳጨዱ ግን ማጨዳቸውን አቆሙ። “ሌላውን ተይው ልጄ፤ ብቻ የቱ እንደሆነ ንገሪኝ። ትልቁ ነው ትንሹ?”

ልጅቷ ፖስታውን ቀደደችው። ወረቀቱ ላይ የሁለቱም ስም ተጽፎ ነበር። ደግማ አነበበችው።

“ትንሹ ነው አይደል? እሱ ድሮም መጠንቀቅ አያውቅም።”

ልጅቷ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፤ ከዚያ በላይ አቅም አላገኘችም። እናትየው ቃርሚያው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ፤ አፈር እየዘገኑ ብዙ አለቀሱ። በመጨረሻ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ማጭዳቸውን አነሡ።

“ተነሽ በይ” አሉ። “ትልቁ ሲመጣ የሚበላው ይፈልጋል።”