የስቱዲዮው ቀሚስ

ፎቶ አንሺውን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ሰፈሩ ሁሉ «አትንቀሳቀሽ» ነው የሚለው። ሽማግሌ ይቀመጥለት ሙሽራ፣ ካሜራው ላይ ጎንበስ ካለ «አትንቀሳቀሽ!» ብሎ ይጮሃል። ወንዶቹ መጀመሪያ ይናደዱ ነበር፤ ኋላ ለመዱት።

ተማሪዋ ከሰዓት ከሰዓት እሱ ዘንድ ትሠራለች። መብራት ታቆማለች፣ የጀርባ መጋረጃ ትቀይራለች፣ ሕፃን ሲመጣም ንፍጥ ትጠርጋለች። የፎቶግራፍ ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ሥራ ብቻ ቀርቷት ነበር፤ እሱም አናቷ ላይ ወጥቷል። አስተማሪዋ እንዲህ ነው ያሏት፦ አንድ እውነተኛ የድሮ ልብስ ፈልጊ፤ የማን እንደነበር አጣሪ፤ ስቱዲዮ ውስጥ ሰው አልብሰሽ አንሺውና ዓርብ አምጪ። የማን እንደነበር ካላወቅሽ ግን ዓመቱን ትደግሚያለሽ።

የድሮ ልብስ ከየት ይመጣል? ልጅቷ የስቱዲዮውን የድሮ ፎቶ ካርቶን ወለሉ ላይ ዘረገፈችው።

ጉዱን ያገኘችው እዚያ ነው። ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ኮሌታው እንደ ሳህን የተዘረጋ ቀሚስ። አንዷ ለብሳዋለች። ሌላዋም። ያቺኛዋም። ሠላሳ ስድስት ሴቶች ቆጠረች። በደስታ ደብተሯን አውጥታ «በዚያን ጊዜ ፋሽኑ ነጠብጣብ ነበር። ኪስም የሚሰፋው በግራ በኩል ብቻ ነበር» ብላ ጻፈች።

አትንቀሳቀሽ በትከሻዋ በኩል አንብቦ በሳቅ ፈነዳ።

«የምን ፋሽን! አንድ ቀሚስ ነው እኮ፣ ልጄ! የስቱዲዮው ነው። ደህና ልብስ የሌላት ሁሉ እሱን ነበር የምትለብሰው። ቀጫጫ ከሆነች ከኋላ በልብስ መቆንጠጫ እንይዝላታለን፤ ወፍራም ከሆነች ጀርባዋ ክፍት ይቀራል። ካሜራ ጀርባ አያይ!»

እውነትም ሁሉም እንደ እንጨት ደርቀው ነው የቆሙት። ከአንዷ በቀር። ካርቶኑ ሥር የነበረው የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ያለችው ልጅ ቀሚሱ ልክክ ብሎላታል። እጇን ኪሷ ከታ ዘና ብላለች። ፊቷ ግን ጭጋግ ነው።

«ይቺስ፣ ጋሼ?»

«እሷን ተያት! ሳቋ አላስቆም ብሏት ስትንቀሳቀስ ፊቷን አደብዝዛ ፎቶዬን አበላሸችው። ይሄ ቅጽል ስም የወጣልኝ በእሷ ጦስ ነው።»

«ቀሚሱስ የት ገባ?»

ፊቱ ጠቆረ። «ሌባ ወሰደችው! ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ በሻርፕ ተከናንባ መጣች። አንሳኝ አለች፣ ቀሚሱን ለበሰች። ፊልም ላመጣ ጨለማ ክፍል ገብቼ ስወጣ እሷም የለች፣ ቀሚሴም የለ! አሮጌ ቀሚሷን ጥላልኝ እብስ! ሃያ ስምንት ዓመቴ ስፈልጋት። ባገኛት መንደር ለመንደር አዙሬ ነው የማዋርዳት!»

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ ለመጋረጃ የሚሆን አንሶላ ፍለጋ ያሳደገቻትን አክስቷን ሳጥን ከፈተች። ከአንሶላው ሥር ነጭ ነጠብጣብ ብቅ አለ።

ስባ አወጣችው። ኮሌታው ያው። ኪሱ ያው። ጎንና ጎኑ ላይ ብቻ አዲስ ጨርቅ ተጨምሮበት ሰፍቷል።

አክስቷ ማድ ቤት በግራ እጇ ቢላዋ ይዛ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሬድዮኑ ይዘፍናል፤ እሷ ከሬድዮኑ በላይ ትዘፍናለች።

«አክስቴ፣ ይሄ ቀሚስ የማን ነው?»

ዘፈኑ ቀጥ አለ። «የኔ ነዋ! የማን ሊሆን?»

«ከየት አመጣሽው?»

«አንቺ የምትማሪው ፎቶ ነው ወይስ ምርመራ? በይ መልሺው፣ ይጨማደዳል!»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ታያት። አክስቷ በስቱዲዮው በር አልፋ አታውቅም፤ ገበያ ስትሄድ እንኳ መንገዱን ተሻግራ ነው። ሠርግ ላይ ካሜራ ሲወጣ «እኔ ፎቶ አያምርብኝም» ብላ ሽው ነው የምትለው።

ልጅቷ ሁለት ቀን ስታወጣ ስታወርድ ከረመች። ቀሚሱን ብታቀርብ የማን ነው ይባላል፤ አክስቷ ሌባ ተብላ ትዋረዳለች። ባታቀርብ ዓመቷ ገደል ገባ። ሐሙስ ዕለት እንባዋ ቀደማትና ሁሉንም ዘከዘከችው።

አክስቷ ሬድዮኑን አጠፋችው።

«ሌባ አለ?»

«አለ።»

«የስቱዲዮው ነው አለ?»

«አዎ። እባክሽ አክስቴ፣ ሄደሽ ይቅርታ ብትጠይቂው...»

«እንጠያየቃለን! ቀሚሱን አምጪው።»

ዓርብ በጠዋት አክስቷ ነጠብጣቡን ቀሚስ ለብሳ፣ እንደ ሙሽራ አገጯን ቀና አድርጋ ስቱዲዮው ውስጥ ገባች። አትንቀሳቀሽ የያዘው መብራት ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ቀሚሴ!» ብሎ ጮኸ። «ያቺ ሌባ! በገዛ እግሯ መጣች! ሰው ጥሩልኝ!»

«መጀመሪያ ልነሳ፣ ከዚያ ትጮሃለህ» አለች አክስቷ መጋረጃው ፊት ቆማ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ይገትርሻል? ሥራሽን ሥሪ!»

ልጅቷ ካሜራዋ ላይ ጎንበስ አለች። አክስቷ ግራ እጇን ኪሷ ከተተች። ቀና ስትል የሰውየው የቀላ ፊት ታያት፤ ሳቅ አፈናት፣ ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር።

«አትንቀሳቀሽ!» አለ ሰውየው ሳያስበው።

ካሜራው ቀጭ አለ። ልጅቷ ያነሳችውን አየች። ቀሚሱ ጥርት ብሏል፤ ፊቷ ግን ጭጋግ ነው። አትንቀሳቀሽ በትከሻዋ በኩል ፎቶውን አየና ያንን የመጀመሪያውን ፎቶ ከካርቶኑ አውጥቶ አጠገቡ ያዘው።

«ቀሚሴን ለአንድ ቀን ብቻ አውሺኝ ብለኸኝ አልነበር?» አለችው አክስቷ።