የሰርቨሩ ሹም

ደጅ ያልተጠናበት ሹመት ሹመት የማይመስላቸው ሞልተዋል፤ አዲሱ ኃላፊም ከነሱ ነው። በመጣ በሳምንቱ የመሥሪያ ቤቱ ፋይል ሁሉ የተከማቸበትን ሰርቨር አስቆለፈና፣ «ከእንግዲህ በማክ ኮምፒውተርም ይምጣ በዊንዶውስ፣ ያለ እኔ ፈቃድ አንዲት ፋይል የሚከፍት የለም» ብሎ አዋጅ አስነገረ። ከዚያማ ከረባቱን አጥብቆ እንደ ዳኛ ተሰየመ። ፈቃድ ለማኝ ግን ዝር አላለም። በር በሩን ሲያይ አንገቱ እንደ ሰጎን ረዘመ።

ሲቆይ ሲቆይ የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ስንዱ እጅ ነስተው ገቡ። ደስታውን በቁጣ ሸፈነ።

«እህ፣ የቱ ፋይል ይፈቀድልዎ?»

«ኧረ ፋይሉንማ ገና ሳይቆለፍ ሁላችንም በፍላሽ ገልብጠነዋል፣ ጌታዬ። ሰርቨሩን ነቅለን ሶኬቱን ለሻይ ማፍያ ብናደርገው ይፈቅዱልን እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ነው።»