የማርሊስ ካርድ

ስልኩ ሲጮህ የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ መጣል ጀምሮ ነበር። ከባንክ ነኝ ያለች ሴት ስለ ባለቤቴ ስለ ማርሊስ ካርድ ስትጠይቀኝ ዘጋሁባት። «ባንክ ነን ካሉህ ዝጋና ካርድህ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ራስህ ደውል» ትለኝ ነበር ማርሊስ። ነዳጅ ማደያም ብንሄድ ሌባ የለጠፈው የካርድ መቅጃ እንዳይኖር የካርድ ማስገቢያውን ሳትነቀንቅ አትከፍልም ነበር። «ነቅለሽ ቤት ልትወስጂው ነው?» እያልኩ አበሽቃት ነበር።

ራሴ ደወልኩ። ሌላ ሴት አነሳች።

«አቶ አርቪድ፣ እውነት ነው። በካርዱ አሁን እሰፈራችሁ ማደያ ተከፍሎበታል። የሚስጥር ቁጥሩም ልክ ነው።»

«ባለቤቴ እኮ በሚያዝያ ሞታለች። ሂሳቧን መዝጋት አንጀቴ እምቢ ብሎኝ እንጂ፣ ካርዱንማ በመቀስ ቆርጬ ከነቦርሳዋ ከሷው ጋር ቀብሬዋለሁ።»

«ነፍስ ይማር። እንግዲያው ሌባ ነው። ላግደው?»

«ቆዪ፣ መጀመሪያ ሄጄ ዓይኑን ልየው!»

ስልኩን እንደያዝኩ በማድ ቤት በኩል ወደ ጋራዡ ወጣሁ። የውጪው በር ትናንት ከውስጥ እንደቆለፍኩት ነው። ከመኪናዬ የፊት ጎማ አጠገብ አንድ ጀሪካን በብርድ የማይረጋ ሰማያዊ የመኪና መስታወት ማጠቢያ ተቀምጧል። እኔ ሁሌ ስለምረሳ፣ በረዶ በጀመረ ቀን ማርሊስ ከማደያው ገዝታ እዚያችው ቦታ ታስቀምጥልኝ ነበር።

ክዳኑ ላይ ያለው በረዶ ገና አልቀለጠም።

«ጌታዬ፣ ካርዱን ላግደው?»

«ተይው፣ የኔ ልጅ» አልኳት። «ብርዱ ገና መጀመሩ ነው።»