ከመቶ ዘጠና አራት

ሰኞ ጠዋት ውጤቱ ሲለጠፍ እናናየሁ ለሦስተኛ ጊዜ ሁለተኛ ወጣች።

ባየው ዘጠና አምስት፣ እናናየሁ ዘጠና አራት። በትምህርትም በአገልግሎት ዘመንም እኩል ስለነበሩ የለያቸው የስድስት ወሩ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ብቻ ነው።

የተወዳደሩበት ቦታ ደብረ ብርሃን የሚገኝ የቡድን መሪነት ነበር። እሷ ከአንኮበር ወጣ ብሎ ባለ አንድ የጤና ጽሕፈት ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት ሪፖርት ስታዘጋጅ ኖራለች። ባሏና የስምንት ዓመት ልጇ ኤልሮኢ ደብረ ብርሃን ናቸው። ዝውውር በጠየቀች ቁጥር የሚሰጣት መልስ አንድ ነው፤ በዕድገት ካልሆነ ክፍት ቦታ የለም። ስለዚህ ዓርብ ከሥራ ስትወጣ በሚኒባስ ትሄዳለች፤ እሑድ ከሰዓት ትመለሳለች። ባለፈው ፋሲካ ልጅቷ አክስቷን "እማዬ" ብላ ስትጠራ ሰማች። እሷን ግን "እናናየሁ" አለቻት፣ እንደ ጎረቤት።

ማስታወቂያው ፊት ቆማ ሁለቱን ቁጥሮች ደጋግማ አነበበች።

"እንኳን ደስ ያለህ" አለችው ባየውን።

"አንቺ ባትኖሪ የት እደርስ ነበር እናንዬ? የእኔን ሪፖርት ግማሹን የሠራሽው አንቺ ነሽ።"

"ኧረ ተው፣ እኔ ምን ሠራሁ?"

ባየው ሳቀ። "የመሪጌታ ልጅ! ምስጋና እንደ ጅራፍ ነው የምትፈሪው" አለና ስልኩን እያወጣ ሄደ።

የመዝገብ ቤቷ ፍቅርተማርያም ግን አልሳቀችም። ክንዷን ይዛ ወደ መዝገብ ቤት አስገባቻት።

"ተክለጊዮርጊስ ነው" አለቻት በሹክሹክታ። ተክለጊዮርጊስ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነው።

"እሱን ምን አደረግሁት?"

"ምንም። ጥፋትሽ መሥራትሽ ነው። የምትታለብ ላም ማን ይሸጣል? ባየውን ተመልከቺ። እስከ አራት ሰዓት አይገባም፤ የወባ ሪፖርት ከተቅማጥ ጋር ይደምራል። እንዲህ ያለውን ሰው በዕድገት ይሸኙታል፤ አንቺን እዚሁ ያስሩሻል።"

ነገሩ እውነት ይመስል ነበር። ባለፈው ዓመት በስብሰባ ላይ አቶ ተክለጊዮርጊስ "እናናየሁ ከሄደች ይህንን ቢሮ ቆልፌ ቁልፉን እልካለሁ" ብሎ ሰው አስቆ ነበር። ያን ቀን እሷም ስቃለች።

ምዘናው የሚሞላው ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ነው። ስድሳው ነጥብ ለዕቅድ ክንውን፣ ሃያው በኃላፊው፣ ዐሥራ አምስቱ በባልደረቦች፣ አምስቱ በሠራተኛው በራሱ ይሞላል። ሁሉም በፖስታ ታሽጎ ኃላፊው ዘንድ ይደርሳል፤ እሱም ደምሮ መልሶ ያሽገዋል። ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው ድምሩ ብቻ ነው። ማን ምን እንደሰጠ አይነገርም፤ ለሰላም ሲባል ነው ይላሉ። በዚህ ዓይነት ሰላም ስንት ሰው ሳይናገር ጡረታ ወጣ።

ቅጹ በተሞላበት ቀን እናናየሁ ጠዋቱን ሙሉ የባልደረቦቿን ቅጽ ስትሞላ ዋለች። የእያንዳንዱን ሥራ እያስታወሰች፣ ጥሩውን ብቻ እየጻፈች። ምሳ ሰዓት ሲደርስ የራሷን ገጽ በአንድ ትንፋሽ ሞላችና አሸገችው፤ ባየው የክትባት ቁጥር አልገጥም ብሎት በር ላይ ቆሞ ነበር።

ማክሰኞ ኃላፊው ቢሮ ገባች።

"አቶ ተክለጊዮርጊስ፣ ስንት እንደሰጡኝ ይንገሩኝ።"

"ምስጢር ነው።"

"ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ አንድ ነጥብ ነፈጉኝ። ልጄ በስሜ ነው የምትጠራኝ። ይህንን ያውቃሉ?"

ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ፊቱ ጠቆረ።

"ቅሬታ አቀርባለሁ። ፖስታው ይከፈታል።"

"ተይው እናናየሁ" አለ ወደ መስኮቱ እያየ። "ባይከፈት ይሻልሻል።"

"ያስፈራሩኛል?"

እስክሪብቶውን መልሶ አነሣ። ወጥታ በሩን በኃይል ዘጋችው፤ በዐሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ከሰዓት በኋላ ፍቅርተማርያም እየነገረቻት የሦስት ገጽ አቤቱታ ጻፈች። "በግል ጥቅም ተነሳስቶ ሆን ብሎ ውጤቴን ዝቅ በማድረግ" የሚለው ቃል ሲመጣ እጇ ቆመ።

"ጻፊው!" አለቻት ፍቅርተማርያም። "አንቺኮ ዝምታሽ ነው የገደለሽ።"

ጻፈችው።

የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ኀሙስ ተሰበሰበ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ማኅደረማርያም መነጽሯን አድርጋ ፖስታውን ቀደደች። አቶ ተክለጊዮርጊስ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። እናናየሁ ፊት ለፊቱ፣ ምስክሯ ፍቅርተማርያም አጠገቧ።

"የዕቅድ ክንውን፣ ከስድሳ ሃምሳ ስምንት" አለች ሰብሳቢዋ። "ከጽሕፈት ቤቱ ከፍተኛው ነው።"

ገጹን ገለጠች።

"የኃላፊ፣ ከሃያ ሃያ።"

እናናየሁ ቀና አለች። ኃላፊው አላያትም።

"የባልደረቦች፣ ከዐሥራ አምስት ዐሥራ አምስት።"

ሰብሳቢዋ የመጨረሻውን ገጽ አንስታ ረጅም ጊዜ አየችው።

"ከአምስት፣ አንድ።"

"ይኸው!" ፍቅርተማርያም ከመቀመጫዋ ተነሣች። "አላልኩም? ማን ነው እሱ ክፉ? በዚች ሴት ላይ ማን ነው እንዲህ የጨከነው?"

ወይዘሮ ማኅደረማርያም ወረቀቱን አዙራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ከቁጥሩ ጎን በእናናየሁ የእጅ ጽሕፈት "ገና ብዙ ይቀረኛል" የሚል ተጽፎ ተፈርሞበታል።