በትከሻ ላይ የሚያልፈው መንገድ

አጎቴ የልብስ መለኪያውን ሜትር ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የዓለም ካርታ ላይ ዘርግቶ፣ አንዱን ጫፍ በእኛ ከተማ፣ ሌላውን በልጁ ከተማ ላይ በአውራ ጣቶቹ ይጫናል።

«ስልሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር። አርባው ባሕር ነው» ይላል።

ልጁ በአሥራ አንድ ዓመቷ ከእናቷ ጋር ሄዳ እዚያው ቀረች። ባለፈው ወር ወንድ ልጅ ወልዳ፣ «አባዬ፣ መጥተህ እየው፤ ቲኬቱን እኔ እቆርጣለሁ» ብላዋለች። ዛሬ ከምሳ በፊት ደውላ ቁርጡን ትሰማለች። አጎቴ ደግሞ ባሕር ይፈራል፤ በላዩ መብረር እንኳ አይሆንለትም።

ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው መምህር በርጩማው ላይ ቆሟል፤ የሱሪው ጫፍ ዙሪያውን በስፒል ተይዟል።

«አሥራ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር፣ አሥራ ሦስት ሰዓት» ይላል ከላይ ሆኖ። «አውሮፕላኑ ግን በባሕሩ አይሄድም። ወደ ሰሜን ቀና ብሎ፣ አብዛኛውን መንገድ በየብስ ላይ ነው። የሚያጥረው እሱ ነው።»

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሜትር ይዤ ያረጀሁት እኔ ነኝ። ዞሮ የሚያጥር መንገድ የት አይተዋል?»

«ስፒሉ ባይወጋኝ ወርጄ አሳይዎት ነበር።»

«እንዳይወርዱ! ሁለተኛ አላስተካክልም።»

ደንበኛ ባለበት አልናገርም። ዛሬ ግን አጎቴ «ይቅርብኝ» ካለ፣ ነገሩ ዳግም እንደማይነሣ አውቃለሁ። እጅም ራስም የሌለውን የልብስ ሞዴል ወደ መሐል እጎትትና ደረቱ ላይ አንድ ስፒል፣ ጀርባው ላይ በዚያው ከፍታ ሌላ ስፒል እሰካለሁ።

«ጋሼ፣ ከዚህ እዚያ በጎኑ ይለኩት እስቲ።»

ምን ነካው በሚል ዓይን አይቶኝ ይለካል። «አርባ ስድስት።»

«አሁን በትከሻው ላይ።»

«ሠላሳ ስምንት።» ሜትሩን አንሥቶ እንደገና ይለካል። ያው ሠላሳ ስምንት።

«ካርታው ያልተሰፋ ጨርቅ ነው፣ ጋሼ» እላለሁ፤ ጆሮዬ ይግላል። «ምድር ግን ገላ አላት።»

«ይኸው!» ይላል መምህሩ። «ሃያ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ብዬ አላውቅም።»

«አንተ ድዳ» ይለኛል አጎቴ፣ «ለካ አፍ አለህ?»

ስልኩ ይጮኻል። አጎቴ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ከፍቶ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል።

«አባዬ፣ ልቁረጠው ወይስ ልተወው?»

አጎቴ ከመደርደሪያው ነጭ ጨርቅ አውርዶ ይዘረጋል። «የሕፃኑ ትከሻ ስንት ነው?»

«ሜትር የለኝም እኮ! ቆይ... ስንዝር አይሞላም። ሁለት ጣት ይጎድለዋል።»

«በማን ስንዝር?»

«በእኔ ነዋ!»

አጎቴ መዳፉን ጨርቁ ላይ ይዘረጋል። ጣቶቹን ትንሽ ሰብሰብ ያደርጋል። ይዘረጋል። እንደገና ሰብሰብ ያደርጋል። በሌላ እጁ የያዘው ጠመኔ ጨርቁን ሳይነካ ይቆያል።

«ያንቺን እጅ አላውቀውም» ይላል በመጨረሻ። «ቲኬቱን ቁረጪው። መጥቼ እለካዋለሁ።»

መምህሩ በርጩማው ላይ አይንቀሳቀስም። አጎቴ ነጩን ጨርቅ አንዲት መስመር ሳያሰምርበት፣ እንዳለ ያጥፈዋል።