የዘውገ የሲሼልስ ዕረፍት

ታናሽ ወንድሙ ልጁን ሲድር ዘውገን አላማከረውም። ዘውገም ቂሙን ሲያመነዥክ ከረመና፣ ለሠርጉ ሳምንት ሲሼልስ ሊዝናና እንደሚሄድ ለዕድርተኛው ሁሉ ነዛ። ፓስፖርት የለውም፤ ባሕር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ግን ስለ ደሴቶቹ ነጭ አሸዋ፣ ኮራል ስለሚሉት የባሕር ውስጥ አበባና በመካከሉ ስለሚርመሰመሱት ዓሦች ሲያወራ፣ ዋኝቶ የተመለሰ ይመስል ነበር። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ያላንተማ ሠርግ የለም» ብለው እግሩ ላይ እንዲወድቁ።

እሑድ ጠዋት ወንድሙ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። ዘውገ ውስጡ እየሳቀ ፊቱን አጨፈገገ።

«ተቀመጡ እንጂ።»

«የመጣንበትን እሺ ሳትለን አንቀመጥም!» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«እንግዲህ ሽበታችሁን አላሳፍርም። እሺ ብያለሁ።»

«በእግዚአብሔር ስም?»

«በእግዚአብሔር ስም!»

ሽማግሌዎቹ መርቀውት ተቀመጡ። ወንድሙ እፎይ ብሎ ጉልበቱን ሳመው።

«ተባረክ ጋሼ! ሠርጉ በአንድ ሳምንት ሲገፋብን፣ ተመልሰህ ትደርስበታለህ ብለን እንቅልፍ አጥተን ነበር። በል እንግዲህ፣ መልሱም እስኪያልፍ እዚያው ደሴቱ ላይ ሰንብትልን።»